ተክለ ሰውነትን በአዩርቬዳ መለየት፣ በሜትርና በሚዛን ማረጋገጥ

የአዩርቬዳን፣ የጥንቱን የሕንድ ባህላዊ ሕክምና፣ መጠይቅ የሞላ ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ቫታ ነህ» ወይም «ካፋ ነሽ» ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም፤ ይሄ ከስቤ፣ ከጡንቻዬና ከወገቤ ልክ ጋር ምን ያገናኘዋል? ለመልሱ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጅማ መርካቶ የሚገኝ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የሚታመን ሚዛንና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃሉ። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙ። አዩርቬዳ ፕራክሪቲና ቪክሪቲ የሚላቸውን ሁለት ነገሮች ለይቶ ያያል። ፕራክሪቲ ሰው ይዞት የሚወለደው ተፈጥሮው ነው፤ ዕድሜ ልኩን አይለቀውም። ቪክሪቲ ደግሞ ዛሬ ያለበት ሁኔታ፣ ከተፈጥሮው የራቀበት መጠን ነው። በዘመናዊው ልኬትም እንዲሁ ነው፤ የአዋቂ ሰው የአጥንት ስፋት ባለበት ይቆያል፣ ስብ፣ ጡንቻና ውሃ ግን ይወጣሉ ይወርዳሉ። ስለዚህ ፕራክሪቲን ከአጥንት ጋር፣ ቪክሪቲን ከስብና ከጡንቻ ጋር አገናኙ። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ባለፉት ሦስት ዓመታት ያወጣውን ቦርጭ «ተፈጥሮዬ ነው» ብሎ ይቀበለዋል።

ሦስቱ ዶሻዎች

ሐሳቡ ለእኛ አገር ሰው ባዕድ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሥጋችን ከአራቱ ባሕርያት፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት መሠራቱን ያስተምራሉ። አዩርቬዳ ጠፈርን አምስተኛ አድርጎ ይጨምርና ያጣምራቸዋል፤ እያንዳንዱን ጥምር ዶሻ ይለዋል፤ ጠፈርና ነፋስ ቫታ፣ እሳትና ውሃ ፒታ፣ ውሃና መሬት ካፋ ይሆናሉ። ካፋ ከጎረቤታችን ከፋ ጋር የሚገናኘው በድምፅ ብቻ ነው።

ቫታ የሚባለው ሰው አጥንቱ ቀጭን፣ መገጣጠሚያው ወጣ ወጣ ያለ፣ ቆዳው ደረቅ፣ የምግብ ፍላጎቱ አንድ ቀን ያለ አንድ ቀን የሌለ፣ እንቅልፉም ቀላል ነው። ፒታ መካከለኛ ቁመና አለው፤ ቶሎ ያልበዋል፣ ረሃብ አይችልም፣ ፀጉሩም ቀድሞ ይሸብታል ወይም ይመለጣል። ካፋ ትከሻው ሰፊ፣ አጥንቱ ደንዳና፣ ቆዳው ለስላሳ፣ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ እንቅልፉ የከበደ፣ አረማመዱ የረጋ ነው። አብዛኛው ሰው የሁለት ዶሻዎች ቅልቅል ሆኖ ይገኛል።

ዶሻን በደም ምርመራ ማወቅ አይቻልም። አንድን ሰው ሁለት የአዩርቬዳ አዋቂዎች ቢያዩት የተለያየ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። በመሆኑም ዶሻ ቁመናን የምንገልጽበት ቋንቋ እንጂ የበሽታ ምርመራ አይደለም፤ ሜትሩ የሚያስፈልገንም ለዚህ ነው።

ብዙ ቦታ የሚጻፍ አንድ ማዛመጃ አለ፤ ቫታ ኤክቶሞርፍ (ቀጭን)፣ ፒታ ሜሶሞርፍ (ጡንቻማ)፣ ካፋ ኢንዶሞርፍ (ስብ የበዛበት) ነው ይላል። አትከተሉት። እነዚህን ሦስት ስሞች በ1940 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ዊልያም ሼልደን ሰዎችን ከፎቶ እያየ መደበ፤ ቁመናን ከጠባይ ጋር ያያያዘበት ክፍል በኋላ ተቀባይነት አጣ። ተመራማሪዎቹ ሂዝና ካርተር በ1967 እ.ኤ.አ. ዘዴውን በልኬት ሲያሻሽሉት ምድቡ ከጊዜ ጋር ሊለወጥ እንደሚችል ግልጽ አደረጉ። ኢንዶሞርፍነት የሚለካው በቆዳ ሥር ስብ ነው፤ ስብ ደግሞ ይጨምራል ይቀንሳል። ካፋነት ግን በመጀመሪያ የአጥንትና የግዝፈት ጉዳይ ነው። ከሲታ የሆነ ካፋም ቦርጫም የሆነ ቫታም አለ፤ ያ ማዛመጃ ሁለቱንም ይስታቸዋል።

ዕቃዎቹን መፈተሽ

የልብስ ሰፊ ሜትር ሲያረጅ ይሳባል። ከመጠቀማችሁ በፊት ከግንበኛ የብረት ሜትር ጎን ዘርጉት፤ በ100 ሳ.ሜ. ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር እንኳ ከተለያዩ ሌላ ግዙ። አንዳንዱ ሜትር ጫፉ ላይ ካለው ብረት ስለሚጀምር ዜሮው የት እንደሆነም እዩ።

ሚዛኑን በታሸገ ውሃ ፈትሹት። ስድስት ባለ 2 ሊትር ጠርሙሶች ያሉበት አንድ እሽግ 12 ኪ.ግ. ውሃ ይይዛል፤ ፕላስቲኩ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ሦስት እሽግ ደርባችሁ ከ36 ኪ.ግ. በጣም ከራቀ ሚዛኑ አያገለግልም። በቢጫው የዘይት ጄሪካን አትፈትሹ፤ «20 ሊትር» የተባለው እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 በላይ ይይዛል። ሚዛኑ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ ይቀመጥ፤ ምንጣፍ ወይም ሰሌን ላይ ሲሆን ቁጥሩ ይዛባል።

መጀመሪያ አጥንቱ

ቁመትን ያለ ጫማ፣ ተረከዝን፣ መቀመጫንና ትከሻን ግድግዳ አስነክታችሁ፣ ዓይን ቀጥታ ወደ ፊት እያየ ለኩ። ሹሩባ ወይም ከሻሽ ሥር የተጠቀለለ ፀጉር ካለ ፍቱት ወይም ወደ ጎን አድርጉት። ጠፍጣፋ መጽሐፍ ጭንቅላት ላይ ጋድም አድርጋችሁ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። ሰው ጠዋት ከማታው በመጠኑ ስለሚረዝም ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ለኩ።

የቀኝ እጅ አንጓን ለኩ። በትንሿ ጣት በኩል ከሚታየው የአጥንት ጉብታ ወደ መዳፍ አለፍ ብላችሁ፣ ጠበብ ባለው ቦታ ሜትሩን አዙሩት፤ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጫን። ቁመትን ለአንጓ ልክ አካፍሉ። ለወንድ ውጤቱ ከ10.4 በላይ ከሆነ አጥንቱ ቀጭን፣ ከ9.6 እስከ 10.4 መካከለኛ፣ ከ9.6 በታች ደንዳና ነው። ለሴት ከ11 በላይ ቀጭን፣ ከ10.1 እስከ 11 መካከለኛ፣ ከ10.1 በታች ደንዳና። አንጓ ላይ ብዙ ስብ ስለማይከማች ይህ ቁጥር ከውፍረትና ከክሳት ጋር እምብዛም አይናወጥም። ቀጭኑ ወደ ቫታ፣ ደንዳናው ወደ ካፋ ያደላል።

መካከለኛው ፒታ ነው ማለት ግን አይደለም። ፒታ ላይ ሜትር ብዙም አያግዝም፤ የሚታወቀው በረሃብ፣ በላብና በምግብ መፈጨት ነው። እዚህ መጠይቁ ያስፈልጋል፣ ከሦስት እርማት ጋር። አንደኛ፣ የሚጠየቀው ከ15 እስከ 20 ዓመት ዕድሜ ላይ የነበረው ሁኔታ ይሁን፤ እናትን ወይም አክስትን መጠየቅ ከራስ ትዝታ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ስለ ቀላ ያለና ጠቃጠቆ ስለበዛበት ቆዳ የሚጠይቀውን ዝለሉት፤ ለእኛ ቆዳ ምንም አይለይም። ሦስተኛ፣ «ብርድ ትፈራለህ?» የሚለው በሞቃት አገር የተቀመረ ጥያቄ ነው። ጅማ በሐምሌ ዝናብ ሁሉም ይበርደዋል። ጥያቄውን «አብረውህ ከሚኖሩት ይልቅ ጋቢ ቀድመህ የምትደርበው አንተ ነህ?» ብላችሁ ለውጡት።

አንድ ልኬት ደግሞ በእኛ አካባቢ መዘለል የለበትም፤ የመቀመጫ ቁመት። ግድግዳ ተደግፎ ከተቀመጠበት እስከ አናት ያለውን ለክታችሁ ለሙሉ ቁመት አካፍሉ። በብዙ ሕዝቦች ውጤቱ 0.52 አካባቢ ነው። ባቱና ጭኑ የረዘመ፣ መለሎ ሰው ዝቅ ይላል፤ እንዲህ ያለ ሰው ቢኤምአዩ (በኪሎ የተለካ ክብደት በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) በቂ ስብ ይዞም «ከሲታ» ሊለው ይችላል። ለዚህ ልኬት የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አትጠቀሙ፤ መቀመጫው ጎድጎድ ተደርጎ የተፈለፈለ ስለሆነ ሰውየው ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ቁጥሩም ያንሳል። ጠፍጣፋ ሣጥን ይሻላል፤ የሣጥኑን ከፍታ ቀንሱ።

ቀጥሎ የሚለወጠው

ጠዋት ከእንቅልፍ ተነስታችሁ፣ ሽንት ቤት ገብታችሁ፣ ምግብና ቡና ሳትቀምሱ ለኩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከተጠጣ በኋላ የተለካ ሰው ሆዱ በፈሳሽና በቁርስ ተሞልቷል።

ወገብን የዓለም ጤና ድርጅት በሚለው መንገድ ለኩ፤ ከመጨረሻው የጎን አጥንት ታችና ከዳሌ አጥንት አናት መካከል ላይ። ሁለቱን አጥንቶች በጣት ፈልጋችሁ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፤ መካከሉን ያዙ፤ አየር ሳይስብ፣ በተለመደው አተነፋፈስ ማብቂያ ላይ አንብቡ። ብዙ ሰው ሜትር ሲያይ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ እያወራ ለኩት፤ ስለ ቡና ዋጋ ጠይቁትና ሲጨርስ አንብቡ።

ውጤቱን ለቁመት አካፍሉ፤ 0.5 ወይም በላይ ከሆነ ሆድ ውስጥ ስብ በዝቷል። ሜትር ለሌለው በገመድም ይሠራል፤ ገመዱን በቁመት ልክ ቁረጡ፣ ለሁለት እጠፉ፣ በወገብ አዙሩ። ካልገጠመ ከግማሽ አልፏል። ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሳ.ሜ. የሚለው የተለመደ ገደብ የተወሰደው ከአውሮፓውያን መረጃ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ላይ የተሠራ ጥናት ለኢትዮጵያውያን ወንዶች ዝቅ ያለ ገደብ እንደሚሻል አሳይቷል። ግማሽ ቁመት የሚለው ሕግ ከሁሉም ጋር ስለሚሄድ እሱን ያዙ።

አሁን የስብ ድርሻ። በሜትር ብቻ የሚሠራው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቀመር ነው። ለወንድ አንገትን ከማንቁርት በታች፣ ወገብን እምብርት ላይ ለኩ። ለሴት አንገትን፣ ጠባቡን የወገብ ክፍልና የዳሌን ሰፊ ቦታ ለኩ። እዚህ ላይ የወገብ ቦታው ቅድም ከለካችሁት ስለሚለይ ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ጻፉ። ቀመሩ በሳንቲ ሜትር እንዲህ ነው፤

ለወንድ፦ 495 ÷ [1.0324 − 0.19077 × ሎግ(ወገብ − አንገት) + 0.15456 × ሎግ(ቁመት)] − 450

ለሴት፦ 495 ÷ [1.29579 − 0.35004 × ሎግ(ወገብ + ዳሌ − አንገት) + 0.22100 × ሎግ(ቁመት)] − 450

በብዙ ስልኮች ካልኩሌተሩ ተከፍቶ ስልኩ አግድም ሲዞር የሎግ ቁልፍ ይመጣል። አጠገቡ ያለውን ኤል ኤን የሚለውን ከነካችሁ ውጤቱ ትርጉም የለሽ ይሆናል። ቀመሩ በትክክል ቢሠራም 3 ወይም 4 ነጥብ ሊስት ይችላል፤ 22 እና 24 በመቶን እንደ ሁለት የተለያዩ ሰዎች አትዩ።

ባዶ እግር የሚቆምበት የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን ስቡን በቀጥታ አይለካም። ደካማ ኤሌክትሪክ በአንድ እግር አስገብቶ በሌላው ያወጣና ሰውነት ምን ያህል እንደተቋቋመው አይቶ ውሃን ይገምታል፤ ከስብ ውጪ ያለው ሰውነት 73 በመቶ ገደማ ውሃ ነው ብሎ ስቡን በስሌት ያወጣል። ውሃ ሲጎድል መቋቋሙ ይጨምራል፣ ሚዛኑም «ስብ ጨመርክ» ይላል። በረመዳን ከአፍጥር በፊት ወይም በጾም ከሰዓት በኋላ የተለካ ሰው ሳይወፍር ወፍሮ ይታያል። የተሰነጠቀና የደረቀ ተረከዝም ያንኑ ያደርጋል፤ እግርን ረጠብ ባለ ጨርቅ ጠርጉ። የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት ሰውና ነፍሰ ጡር አይጠቀሙበት። ይህን ሚዛን ከራስ ጋር ለማነጻጸር እንጂ ከጎረቤት ጋር ለመፎካከር አትጠቀሙበት።

ትክክለኛ ልኬት ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ጅማ ራሷ ምሳሌ አላት። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተወለዱ ሕፃናት ሰውነታቸው ቦታውን ሲይዝ በሚያፈናቅለው አየር ስብና ሌላው ተለይቶ የተለካበት የረጅም ጊዜ ጥናት ተካሂዷል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ቤት አይገባም፤ የሚሠራው ሐሳብ ግን ያው ነው፤ ክብደትን አንድ ቁጥር አድርጎ አለመተው፣ ለሁለት መክፈል።

ክብደትን በስብ ድርሻ አባዙና የስብ ኪሎ አግኙ፤ የቀረው ከስብ ነፃ ሰውነት ነው። እያንዳንዱን በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ አካፍሉ። የስብ ኢንዴክስ ለወንድ ከ3 እስከ 6፣ ለሴት ከ5 እስከ 9 ደህና ነው። ከስብ ነፃው ለወንድ ከ17፣ ለሴት ከ15 በታች ሲሆን ጡንቻ አንሷል ማለት ነው። ሁለቱን ስትደምሩ ቢኤምአይ ይሆናል፤ ካልሆነ ስሌቱ ላይ ስህተት አለ።

ጎን ለጎን ማስቀመጥ

አንድ ወንድ ቁመቱ 172፣ ክብደቱ 61፣ አንጓው 16 ነው እንበል። 172 ለ16 ሲካፈል 10.75፤ አጥንቱ ቀጭን ነው። እናቱም «ከልጅነቱ ቀጫጫ፣ ትንሽ ኮሽታ የሚቀሰቅሰው» ይሉታል። ፕራክሪቲው ቫታ ነው። ቢኤምአዩ 20.6 ስለሆነ ክብደቱን ብቻ ያየ «ደህና ነህ» ብሎ ይሸኘዋል። ወገቡ በመካከል 88 ሲሆን ከቁመቱ 0.51 ነው። በእምብርት 90፣ አንገቱ 35 ሲሆን ቀመሩ 23.3 በመቶ ይሰጣል፤ 14.2 ኪ.ግ. ስብ። የስብ ኢንዴክሱ 4.8፣ ከስብ ነፃው 15.8። ጠቅላላ ስቡ ብዙ አይደለም፤ ያለው ግን ሆዱ ላይ ተሰብስቧል፣ ጡንቻውም አንሷል። በአዩርቬዳ ቋንቋ የቫታ ቤት ውስጥ ካፋ ገብቷል። ለዚህ ሰው ምግብ መቀነስ መፍትሔ አይሆንም፤ የቀረችውን ጡንቻ ያሳጣዋል።

አንዲት ሴት ደግሞ ቁመቷ 160፣ ክብደቷ 72፣ አንጓዋ 16.5 ይሁን። 9.7 ይወጣል፤ አጥንቷ ደንዳና ነው። ቢኤምአይ 28.1፣ «ከመጠን በላይ» የሚባለው። ወገቧ ግን 79 ነው፣ ከቁመቷ 0.49። አንገት 33፣ ጠባቡ ወገብ 78፣ ዳሌ 104 ሲገቡ 34.2 በመቶ ስብ ይወጣል፤ የስብ ኢንዴክስ 9.6፣ ከስብ ነፃው 18.5። ስቧ ከደህናው ጣሪያ ትንሽ ብቻ አልፏል፣ ጡንቻዋ ጠንካራ ነው፣ ስቡም ሆዷ ላይ አልተጫነም። ካፋ ሆና ተወለደች፣ ዛሬም ከተፈጥሮዋ ብዙ አልራቀችም። 55 ኪሎ ልግባ ብላ ራሷን ብታስርብ ከአጥንቷ ጋር ነው የምትታገለው።

የሚያሳስቱ ነገሮች

ጅማ ላይ ትልቁ አሳሳች ጫት ነው። አዘውትሮ የሚቅም ሰው የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፣ እንቅልፉ ይሸሻል፣ አፉ ይደርቃል፣ ሆዱም ይደርቃል፤ መጠይቁ ላይ ሁሉም «ቫታ» ሆኖ ይቆጠራል። ቁመቱ ለአንጓው ሲካፈል 9.4 የወጣለት ደንዳና ሰው በመጠይቁ ንጹሕ ቫታ ከሆነ መጀመሪያ ስለ ጫቱ ጠይቁት። አጥንትና መጠይቅ ሲጋጩ ለተፈጥሮ አጥንትን እመኑ፤ መጠይቁ የነገራችሁ የዛሬውን ነው።

ከዚህ የከፋውም አለ። እየበላ የሚከሳ፣ የሚያልበው፣ ልቡ የሚመታ ሰው «ፒታው ጨምሯል» ተብሎ ቤት ሊቆይ አይገባም፤ የእንቅርት ዕጢ ችግር ሊሆን ይችላል። ውሃ የሚያስጠማና ሽንት የሚያበዛው ክሳት ስኳር፣ ሳልና የሌሊት ላብ ያለበት ክሳት ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ሳያስብበት በስድስት ወር ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ የቀነሰ ሰው፣ ለ60 ኪሎ ሰው 3 ኪሎ ማለት ነው፣ ጤና ጣቢያ ይሂድ። እግር ሲያብጥ ሚዛን የሚቆጥረው ውሃውን ስለሆነ ያን ጊዜም ልኬቱን ትታችሁ ሐኪም አሳዩ።

ከዚያስ?

ሕጉ ይህ ነው፤ ምን መለወጥ እንዳለበት ዘመናዊው ልኬት ይንገራችሁ፣ እንዴት መለወጥ እንደሚቀል ተክለ ሰውነት ይንገራችሁ። የመጀመሪያው ምሳሌያችን ጡንቻ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ክብደት ያንሳ፣ ውሃ የሞላ ጄሪካንም ይሆናል። አዩርቬዳ ለቫታ ሞቅ ያለ፣ ለስለስ ያለና በሰዓቱ የሚበላ ምግብ ይመክራል፤ ትኩስ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ እንቁላል፣ ወተት ሁለቱንም ዓላማ ይሞላሉ። በቁርስ ፈንታ ቡና ብቻ የሚጠጣ ከሆነ መጀመሪያ የሚስተካከለው እሱ ነው።

ለካፋ ቀለል ያለና ቅመም ያለበት ምግብ፣ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴም ይመከራል። ሴትየዋ ወደ ጅሬን ዳገት ፈጠን ብላ በሳምንት በድምሩ 150 ደቂቃ ብትራመድ ይበቃታል። አዩርቬዳ ማር ለካፋ ይስማማል ይላል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ግን ወደ 60 ካሎሪ አለውና ብርዙን በልኩ። ሦስቱን ስኒ ቡና በሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰውም በአንድ ቡና ብቻ 24 ግራም ያህል ስኳር፣ 100 ካሎሪ ገደማ ወስዷል።

የታሸጉ የአዩርቬዳ እንክብሎችና ዱቄቶች ላይ ጠንቀቅ በሉ። አንዳንዶቹ ሆን ተብሎ ብረታ ብረት ገብቶባቸው ይሠራሉ፤ በምርመራም እርሳስ፣ ሜርኩሪና አርሰኒክ የተገኘባቸው አሉ። በተለይ ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች አይውሰዱ።

አንጓና የመቀመጫ ቁመት አንድ ጊዜ ከተለኩ ይበቃሉ። ወገብንና ክብደትን በወር አንድ ጊዜ፣ የስብ ድርሻን በሦስት ወር አንድ ጊዜ ለኩ፤ ከዚያ ቀድሞ የሚታየው ለውጥ በአብዛኛው ውሃ ነው። ሴቶች ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት ውሃ ስለሚይዙ በየወሩ በአንድ ዓይነት ጊዜ ይለኩ። ሁሌም አንድ ሰው፣ በዚያው ሜትር፣ በዚያው ሰዓት ይለካችሁ፤ እያንዳንዱን ልኬት ሁለቴ ወስዳችሁ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለያየ ሦስተኛ ጨምሩና የሚቀራረቡትን ሁለቱን ያዙ።